ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመኪናችን የፊውዝ ሳጥን ያስተማረን

(የመኪና ኮሚቴው በጥር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



የመኪና ኮሚቴው አባላት ሦስታችን ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ሁለት ነገር ይዘን ነው፤ አንዱ ትምህርት፣ ሌላው ይቅርታ። ትምህርቱን ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ለእኛ ይቀለን ነበር። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርነው ስለ ፊውዝና ስለ ሪሌይ ለምን እንደምናወራ አይገባችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን እንነግራችኋለን። ነገሩ የሚመለከታት እህታችን እዚሁ አብራን ተቀምጣለች፤ አስፈቅደናታል። ሁላችሁም ስለምታውቋት ስሟን ሳንጠራ "ሹፌራችን" እያልን እንቀጥላለን።

ማኅበራችን ያለችው አንዲት ፒክ አፕ ናት፤ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና ነጭ ሽንኩርቱን ጭና ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትወርዳለች፤ ማታ ባዶ ጆንያና ዕቃ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ሳምንት ብትቆም የስንቶቻችን ጓዳ እንደሚጎድል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ባለፈው ሰኔ ክረምቱ ሲገባ፣ ጭነታችን በዝናብ እንዳይበላሽ ብለን በካሶኒው ላይ የሸራ ማንጠልጠያ ብረት አስገጠምን። ርካሽ ዋጋ ያቀረበልንን በያጅ የመረጥነው እኛው ኮሚቴዎቹ ነን። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በሐምሌ አንድ ምሽት ሹፌራችን ሸኖን አልፋ ወደ ጫጫ ስትመጣ ጉም ውስጥ ገባች። ድንገት የዳሽቦርዱ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። የፊት መብራቱ እየበራ ስለነበር መንገዷን ታያለች። ከኋላዋ የሚመጣው ግን እርሷን አያይም፤ የኋላ መብራቱም አብሮ ጠፍቷል። ይህን ያወቀችው አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ክላክሱን እያስጮኸ በጎኗ ተወርውሮ ሲያልፍ ነው። አራቱን ፍሬቻ አብርታ ከመንገዱ ወጣች፤ ትንሽ ተረጋግታ ቀስ እያለች ገባች።

በማግስቱ የተቃጠለውን ፊውዝ በአዲስ ለወጠችው። ሁለት ቀን ሠርቶ ተቃጠለ። እንደገና ለወጠች፤ እንደገና ተቃጠለ። እኛ ያን ጊዜ ምን አልን? "አያያዝ ስለማታውቂ ነው፤ ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለልሽ ነው" አልናት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል አንድ ሠራተኛ ዘንድ ወሰድነው። እርሱም ሳጥኑን ከፍቶ ቀዩን ፊውዝ አወጣና በምትኩ አረንጓዴ ሰካ። "ከእንግዲህ አይቃጠልም" አለን። ደስ ብሎን ከፍለን ተመለስን። እውነቱን ነው፤ ፊውዙ አልተቃጠለም።

ከሳምንት በኋላ ሹፌራችን መጥታ "እትዬ፣ ማታ ማታ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል" አለች። ከሦስታችን አንዳችንም ተነስተን አልሄድንም። የዳሽቦርዱ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ያው ሠራተኛ አሁን "ሪሌዩ ነው" ብሎ አዲስ ሪሌይ ሸጠልን። ሽታው ግን አልቀረም። በነሐሴ፣ አለልቱ አካባቢ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍታ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትታ ነቀለችው። ጭሱ ቆመ። መኪናይቱና ሙሉው ጭነት የዳኑት በእርሷ እጅ ነው። እኛ ግን በነሐሴው ስብሰባ ምን እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ፤ ቁልፉን ተቀበልናት፣ 2,000 ብር ቀጣናት፣ "በቸልተኝነት" ተብሎም በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

እህቶቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበልና ፊውዝ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ የጥፋታችን ልክ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሁላችንም ቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ምጣዱን፣ ምድጃውንና የልብስ ካውያውን አንድ ላይ ስናበራ ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ይወርዳል። ለምን? በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ የሚችለው የተወሰነ ስለሆነ፣ ሽቦው ግሎ ቤቱን ከማቃጠሉ በፊት ብሬከሩ ያቋርጥልናል። የመኪና ፊውዝም ሥራው ይኸው ነው። ከሽቦው ይልቅ ቶሎ የሚቀልጥ ቀጭን ብረት በፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል። ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ እርሱ ይቀልጥና መንገዱ ይቋረጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። አምፖል ቢቃጠል በጥቂት ብር ይለወጣል። ሽቦ ከተቃጠለ ግን መኪና ይቃጠላል።

የፊውዙ አቅም በአምፔር ይለካል፤ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩን ማንበብ ለሚከብዳት ደግሞ ቀለም አለው። ፈዛዛ ቡናማ 5፣ ጠቆር ያለ ቡናማ 7.5፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ ነጭ ብርጭቆ የሚመስለው 25፣ አረንጓዴ 30 ነው። ይህንን ቀለም እንደ እቁብ ተራችሁ በቃላችሁ ያዙት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። የአምፖሉን ዋት በ12 ስታካፍሉት ስንት አምፔር እንደሚፈልግ ታገኛላችሁ። አንድ የፊት መብራት 60 ዋት ቢሆን 5 አምፔር ይፈልጋል ማለት ነው። የእኛ መኪና የኋላ መብራቶች፣ የፊት ትንንሾቹ፣ የታርጋውና የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉም በአንድ ፊውዝ ነው የሚሄዱት። ሁሉም ሲደመሩ 30 ዋት ገደማ ናቸው። 30 በ12 ሲካፈል 2 ከግማሽ ነው። የተፈቀደላቸው ፊውዝ ግን 10 አምፔር ነው። ስለዚህ ፊውዙ በአምፖሎቹ ብዛት ሊቃጠል አይችልም፤ አራት እጥፍ ቦታ አለው። ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቷል፤ ኮንታክት ፈጥሯል ማለት ነው። ፊውዙ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ ሦስት ጊዜ ነገረን። እኛ ደግሞ አፉን ያዝነው።

በ10 ቦታ 30 ማስገባት ማለት ምን እንደሆነ አሁን ይታያችኋል። ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሦስት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ፊውዙ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሽቦው ይቀልጣል። አንዳንዱ ደግሞ የሲጋራ ብር ወረቀት ይጠቀልላል፣ አንዳንዱ ቁራጭ ሽቦ ይሰካል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። በመስከረም ይህንን ያስተማረችን የአንዷ አባላችን ልጅ ናት፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ የምትማረው። እርሷ ያሳየችንን በተራ እንነግራችኋለን።

አንደኛ፣ ሳጥኖቹን እወቁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ኮፈኑ ሥር ከባትሪው አጠገብ ነው፤ ትልልቆቹ ፊውዞችና አብዛኞቹ ሪሌዮች ያሉት እዚያ ነው። ሁለተኛው ከሹፌሩ ጉልበት አካባቢ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። አንዱን ብቻ አይታችሁ "ደህና ነው" አትበሉ።

ሁለተኛ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን አንብቡ። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ በሥዕል ተቀምጧል። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ቃላቱ ጥቂት ናቸው። "ሄድ" የሚለው የፊት መብራት፣ "ቴይል" የኋላና ትንንሽ መብራቶች፣ "ስቶፕ" የፍሬን መብራት፣ "ሆርን" ክላክስ፣ "ዶም" የጣሪያ መብራት ነው። እኛ ሥዕሉን በአማርኛ ገልብጠን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሹፌራችን የዳሽቦርዱ መብራትና የኋላው አብረው ጠፉ ስትለን፣ ሁለቱ በአንድ ፊውዝ እንደሚሄዱ ከሥዕሉ አይተን ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጥያቄ ያን ቀን ይመለስ ነበር። አንድ ነገር ሲጠፋ "ከእርሱ ጋር ምን አብሮ ጠፋ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ አምፖል ብቻ ከጠፋ አምፖሉን ጠርጥሩ። ብዙ ነገር አብሮ ከጠፋ ፊውዙን ወይም ሪሌዩን ጠርጥሩ።

ሦስተኛ፣ ፊውዝ ከመንቀላችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉንም አውጡ። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ መንቀያ ይቀመጣል፤ በእርሱ ንቀሉ። ከጠፋ ግን በፒንሳ ቀስ ብሎ ነው እንጂ በካቻቢቴ አይፈነቀልም። ሁለት ፊውዝ በአንድ ጊዜ አታውጡ፤ ቦታቸው ይምታታባችኋል። ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ይህ ከምንም በላይ ጠቅሞናል።

አራተኛ፣ ፊውዙን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱ። በመካከሉ ያለው ቀጭን ብረት ከተቆረጠ ተቃጥሏል። ፕላስቲኩ ከጠቆረ በኃይል ነው የተቃጠለው፤ ኮንታክት አለ ማለት ነው። ብረቱ ደህና ሆኖ እግሩና ፕላስቲኩ የቀለጠ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሶኬቱ ላልቶ ወይም ዝጎ እዚያው ላይ ግሏል። ያን ጊዜ ፊውዝ ብትለውጡ ዋጋ የለውም፤ ሶኬቱ መጠገን አለበት።

አምስተኛ፣ ዓይን ብቻ አይበቃም። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አትታይም። ስለዚህ መፈተሻ መብራት ይኑራችሁ፤ አንድ ጫፉ ሹል፣ ሌላው ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ነው። መቆንጠጫውን ቀለም በሌለው ብረት ላይ አስይዙ። መጀመሪያ ሹሉን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ነክታችሁ መብራቱ ራሱ እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ የማይሠራ መፈተሻ ይዞ መኪና መፈተሽ ሞኝነት ነው። ከዚያ ፊውዙን ሳትነቅሉ፣ በጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ተራ በተራ ንኩ። በሁለቱም ከበራ ፊውዙ ደህና ነው። በአንዱ ብቻ ከበራ ተቃጥሏል። በሁለቱም ካልበራ ኤሌክትሪኩ እዚያ ድረስ አልመጣም፤ ቁልፉን አዙሩና ድገሙት፤ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ፊውዞች አሉና።

ስድስተኛ፣ የተቃጠለውን በተመሳሳይ ቁጥር አንድ ጊዜ ለውጡት። አንድ ጊዜ! አዲሱም ከተቃጠለ ሦስተኛ አትጨምሩ፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

እግረ መንገዳችንንም አንድ ነገር እንበል። የፊውዝ ሳጥን በውኃ አይታጠብም። ክረምት ከክረምት የምንሄድበት መንገድ ጭቃና እርጥበት ነው፤ መኪናውን የሚያጥቡት ልጆች ኮፈኑን ከፍተው ውኃውን ሲለቁበት ዝም ብለን እናይ ነበር። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ባትሪው ተፈትቶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ክዳኑም ሁልጊዜ በደንብ ይገጠም።

አሁን ወደ ሪሌዩ። በድግስ ቤት ደጋሿ ጋኑን ራሷ አታነሳም፤ በዓይኗ ጠቀስ ታደርጋለች፣ ጉልበት ያለው ያነሳል። ሪሌይ እንዲህ ነው። መሪው አጠገብ ያለችው ትንሽ የመብራት ማብሪያ ብዙ አምፔር የመሸከም አቅም የላትም። ስለዚህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሪሌዩ ትልካለች። በሪሌዩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ይስባል፤ ያቺ ምላስ ትልቁን ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወደ መብራቱ ታገናኘዋለች። "ጠቅ" የሚለው ድምፅ የምላሷ ነው።

ስለዚህ ሪሌይ የሚፈተሸው በሁለት ሰው ነው። አንዷ መብራቱን ታበራለች፤ ሌላዋ ጣቷን በሪሌዩ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ጠቅ ካላለ፣ ጥቅሻው አልደረሰም ማለት ነው፤ ወይ ማብሪያዋ፣ ወይ የእርሷ ፊውዝ፣ ወይ በሪሌዩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ተበላሽቷል። ጠቅ ብሎ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ምላሷ ተቃጥላ፣ ወይም ከእርሷ በኋላ ያለው መንገድ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ጠቅ ማለቱ ብቻ ሪሌዩ ጤነኛ ነው አያሰኝም።

ርካሹ ፍተሻ መለዋወጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የተጠረጠረውን ነቅላችሁ በቦታው የክላክሱን ሪሌይ ሰኩ። መብራቱ ከሠራና ክላክሱ እምቢ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ከሁለቱም ካልተለወጠ ግን ሪሌዩ ንጹሕ ነው፤ አዲስ አትግዙ። ነገር ግን ሁለቱ ሪሌዮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥርና ትንሽ ሥዕል አስተያዩ። በእኛ መኪና እግሮቹ 1፣ 2፣ 3 እና 5 ተብለው ተጽፈዋል፤ 1 እና 2 የጥቅሻው ናቸው፣ 3 እና 5 የትልቁ ኤሌክትሪክ ናቸው። በሌሎች መኪኖች ብዙ ጊዜ 85 እና 86 የጥቅሻው፣ 30 እና 87 የትልቁ ናቸው። እግሩ ስለገባ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም።

ይህንን በሐምሌ ብናውቅ ኖሮ ያንን ሪሌይ አንገዛም ነበር። አውጥተን ያስቀመጥነውን አሮጌውን በመስከረም ሰክተን ሞከርነው፤ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ባትሪያችሁ አዳር እየሞተ ካስቸገራችሁም ሪሌዮቹን በእጃችሁ ዳስሱ። መኪናው ቁልፉ ወጥቶ ካደረ በኋላ ሞቆ የሚገኝ ሪሌይ ካለ፣ ምላሷ ተጣብቃ ወይም ጥቅሻው ሳይቋረጥ ቀርቶ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲፈስ አድሯል ማለት ነው።

አሁን ኮንታክቱን እንዴት እንዳገኘነው እንንገራችሁ። ልጃችን መጀመሪያ አረንጓዴውን ፊውዝ አውጥታ በእጃችን ሰጠችን። ከዚያ በፊውዙ ቦታ 21 ዋት የሆነ የፍሬን መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ ሰካች። ለምን ብለን ጠየቅናት። "ፊውዝ ብሰካ ይቃጠልብኛል፤ አምፖል ብሰካ ግን ኮንታክት ቢኖርም ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍም፤ ሽቦውም አይግልም፤ እየበራ ያሳየኛል" አለችን። የኋላና የፊት ትንንሽ አምፖሎችን አስወለቀችን፣ ማብሪያዋን አበራችና መፈተሻው አምፖል ቦግ ብሎ በራ። አምፖሎቹ ወጥተው ሳለ የቀሩት የዳሽቦርዱ ትንንሾች ብቻ ናቸውና ደብዘዝ ማለት ነበረበት። ቦግ ካለ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ አግኝቷል።

ከዚያ ሦስታችን ከፊት እስከ ኋላ ሽቦውን እየነቀነቅን ሄድን፤ እርሷ አምፖሉን ታያለች። ከዳሽቦርዱ ሥር ምንም የለም። በሻንሲው በግራ በኩል ስንሄድ፣ ከኋላው ጎማ በላይ፣ አንድ ቦታ ስንነካ "ቆዩ!" ብላ ጮኸች። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ እንደገና ቦግ አለ። ተንበርክከን አየን። የሸራው ብረት የታሰረበት ቡሎን ወርዶ፣ ሽቦውን ከካሶኒው ጋር አጣብቆ ልጦታል። ባዶ ስትሄድ አይነካም። ጭነት ስትይዝና ስትዘል ይነካል። ፊውዙ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።

ያንን ቡሎን ያስመታው ማን ነው? ሹፌራችን አይደለችም። እኛ ነን። ሥራውን ተረክበን የፈረምነው እኛ ነን፤ ከካሶኒው ሥር ጎንበስ ብላ ያየች ግን ከመካከላችን አልነበረችም።

የዚያን ቀን ምሽት ብዙም አልተነጋገርንም። ቡሎኑን አስወጣን፣ የተላጠውን ሽቦ ቆርጠን አስቀጠልነው፣ በፕላስተር ጠቅልለን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባነው። ከዳሽቦርዱ ሥር የቀለጠውን ግን አልነካንም፤ በሙያው የታመነ ሰው ሙሉውን ቀይሮልናል። ይህንን ልብ በሉልን፤ የቀለጠ ሽቦ፣ ከባትሪው ጋር በቡሎን የታሰሩ ትልልቅ ፊውዞች፣ ቢጫ ሶኬት ያላቸው የኤርባግ ሽቦዎች የእኛ ሥራ አይደሉም። የእኛ ሥራ ማየት፣ መጠየቅና በመጠኑ መፈተሽ ነው። ባትሪ መፍታት ካስፈለገም ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይታሰራል።

ቀዩን 10 አምፔር ፊውዝ መልሰን ከሰካነው አራት ወር ሆነ። አልተቃጠለም።

እህቶቻችን፣ ሠራተኛው ትልቅ ፊውዝ በመስካቱ ተናደን ነበር። ግን እኛስ? ሹፌራችን "ተቃጠለ" ስትለን ሦስት ጊዜ ዝም አሰኘናት፤ "ይሸተኛል" ስትለን አልሰማናትም፤ ጭሱ ሲወጣ ደግሞ የቀጣነው ያስጠነቀቀችንን ሰው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው አራት ነገር ወደ ስብሰባው ያቀርባል።

መጀመሪያ፣ 2,000 ብሩ ከማኅበሩ ካዝና ዛሬውኑ እንዲመለስላት። ካዝናው ይከብደዋል የምትሉ ካላችሁ ሦስታችን ከኪሳችን ለማዋጣት ተዘጋጅተናል። ሁለተኛ፣ በነሐሴው ቃለ ጉባኤ "በቸልተኝነት" የተባለው እንዲሰረዝና እውነተኛው ምክንያት እንዲጻፍ። ሦስተኛ፣ በመኪናዋ መሳቢያ ደብተር እንዲቀመጥ፤ ቁልፉን የያዘች ሁሉ ያየችውን፣ የሸተታትን፣ የሰማችውን ቀኑን ጽፋ ትፈርማለች፤ ኮሚቴው በሦስት ቀን ውስጥ አይቶ መልስ ካልጻፈ ተጠያቂው ኮሚቴው ይሆናል። አራተኛ፣ በመኪናዋ ላይ ብየዳም ሆነ ማንኛውም አዲስ ሥራ ሲሠራ፣ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ሹፌራችን ከሥር ጎንበስ ብላ አይታ "ይሁን" እንድትል።

መለዋወጫ ፊውዞች ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት፣ መፈተሻ መብራቱ፣ የ10 ቁልፉና ባለ 21 ዋቱ አምፖል በአንድ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ከወንበሩ ሥር አሉ። ከ10 በላይ የሆነ ፊውዝ በ"ቴይል" ቦታ የሰካች ከእኛ ጋር ትጣላለች።

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መኪናዋ እዚሁ ግቢ ትቆማለች። መንዳት የምትችሉም የማትችሉም ኑ። ክዳኑን እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ ትከፍታላችሁ፤ ሪሌዩን ጠቅ ሲል ትዳስሳላችሁ። የምታሳያችሁ ሹፌራችን ናት። ቁልፉን ዛሬ በፊታችሁ እንመልስላታለን።

እህታችን፣ በድለንሻል፤ ይቅር በይን። ነይ፣ ቁልፍሽን ተቀበይን።